የጥንት ሮማውያን የውሃ ቦዮች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የሮማውያን የውሃ ቦይ ሲባል አብዛኛው ሰው የሚታየው በረድፍ የቆሙ የድንጋይ ቅስቶች ናቸው። ቅስቶቹ በእርግጥ ያምራሉ። ውሃውን ከተማ ያደረሰው ግን በብዙ አሥር ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ በሴንቲሜትር እየተለካ የተያዘው ቁልቁለት ነው፤ ያንን ቁልቁለት ለዘመናት ያቆዩት ደግሞ ቦዩ ውስጥ ገብተው ሲጠርጉና ሲጠግኑ የኖሩ ሠራተኞች ናቸው። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ስለ አሠራሩ፣ ስለ አስተዳደሩና ስለ ፍጻሜው በብዛት የሚነሡ ናቸው። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ተጽፈዋል።

ሞተር በሌለበት ዘመን ውሃው ያን ያህል መንገድ እንዴት ተጓዘ?

በራሱ ክብደት። ምንጩ ከከተማው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ይመረጣል፤ ከምንጩ እስከ ከተማው ድረስ ሳይቋረጥ በዝግታ እያዘቀዘቀ የሚሄድ ቦይ ይሠራል። ውሃው ቦዩን ጢም አድርጎ አይሞላውም፤ ከላዩ አየር እየተረፈ እንደ ትንሽ ወንዝ ይፈስሳል። ስለዚህ በግድግዳው ላይ ከፍተኛ ግፊት የለም፣ ግንቡም በግፊት አይፈነዳም።

ሲነገር ቀላል ነው፤ ጣጣው መሬቱ ላይ ነው። በምንጩና በከተማው መካከል ኮረብታ አለ፣ ሸለቆ አለ፣ ገደል አለ። ቦዩ አንድ ቦታ ላይ ጥቂት ወደ ላይ ቢያዘነብል ውሃው እዚያው ይተኛል ወይም ገንፍሎ ይወጣል። ከፍታው መንገድ ላይ ያለ አግባብ ከባከነ ደግሞ ከተማው በር ላይ ሲደርስ ወደ ሰፈሮቹ ለማከፋፈል የሚበቃ ከፍታ አይተርፍም። ቦዮቹ ቀጥ ብለው ከመሄድ ይልቅ የኮረብታውን ወገብ ይዘው የሚጠማዘዙት በዚህ ምክንያት ነው። በደቡብ ፈረንሳይ ለምትገኘው ኒም ከተማ ውሃ ያቀብል የነበረው ቦይ ከምንጩ እስከ ከተማው በአየር 20 ኪ.ሜ ያህል ብቻ የሚሆነውን ርቀት ለመሸፈን 50 ኪ.ሜ ያህል ተጉዟል።

ሮማውያን ፓምፕ አያውቁም ነበር ማለት ነው?

ያውቁ ነበር። በእጅ የሚሠራ የመግፊያ ፓምፕ ነበራቸው፤ ከማዕድን ጉድጓዶች ውስጥም ውሃ በትላልቅ መንኮራኩሮች ያወጡ ነበር። ነገር ግን ለአንድ ሙሉ ከተማ ቀንና ሌሊት የሚፈስ ውሃ በሰው ጉልበት እየገፉ ማቅረብ አይቻልም። ቁልቁለት ነዳጅም ሠራተኛም አይጠይቅም።

ቦዮቹ በሙሉ በቅስት ላይ የተሠሩ ነበሩ?

አልነበሩም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። አብዛኛው የቦይ ርዝመት ከመሬት በታች የተቀበረ ነበር። የሮም የመጀመሪያው ቦይ አኳ አፒያ («አኳ» በላቲን ውሃ ማለት ነው) ከክርስቶስ ልደት በፊት በ312 ዓመት በአፒየስ ክላውዲየስ የተሠራ ሲሆን ርዝመቱ ከ16 ኪ.ሜ በላይ ነው። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ከመሬት በላይ ይታይ የነበረው መቶ ሜትር እንኳ አይሞላም። ከእሱ በኋላ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ144 እስከ 140 ባሉት ዓመታት የተሠራው አኳ ማርሲያ 91 ኪ.ሜ ገደማ ይረዝማል፤ 80 ኪ.ሜ ያህሉ ከመሬት በታች ነው።

ምክንያቱ ብዙ ነው። የተቀበረ ቦይ ለመሥራት ርካሽ ነው፤ ውሃው ከፀሐይ ተጠብቆ ቀዝቃዛ ሆኖ ይደርሳል፤ ከብት አይገባበትም፣ ቆሻሻም አይጣልበትም። ጠላትም በቀላሉ አያገኘውም። አኳ አፒያ በተሠራበት ዘመን ሮም ከጎረቤቶቿ ጋር ውጊያ ላይ ስለነበረች ይህ ትልቅ ነገር ነበር።

ታዲያ ቅስቶቹ ለምን አስፈለጉ?

ከፍታ ላለማጣት። ቦዩ ከተራራው ወርዶ በሮም ዙሪያ ያለውን ሜዳ ሲደርስ መሬቱ በድንገት ዝቅ ይላል፤ ከተማው ውስጥ ያሉት ኮረብታዎች ግን ከፍ ብለው ይጠብቁታል። ቦዩ መሬቱን ተከትሎ ከወረደ ኮረብታ ላይ ያለ ሰፈር ውሃ አያገኝም። ስለዚህ ሜዳውን በከፍታ ላይ ማቋረጥ ነበረበት። ያንን ሁሉ መንገድ በወፍራም ግንብ ቢሠሩት ድንጋዩ አያልቅም፣ መንገድና ጅረትም ይዘጋል። ቅስት ግን ክብደቱን ወደ ምሰሶዎቹ እያሳለፈ መሐሉን ክፍት ይተዋል፤ ሰውም ከብትም ጎርፍም በሥሩ ያልፋል።

ገንዘብ ለመቆጠብ ደግሞ አንዱን በሌላው ላይ ይደርቡ ነበር። የአኳ ማርሲያ ቅስቶች በኋላ የመጡትን አኳ ቴፑላንና አኳ ጁሊያን በጀርባቸው ተሸክመዋል። ሦስቱ ውሃዎች ሳይቀላቀሉ፣ አንዱ ከአንዱ በላይ በየራሳቸው ቦይ ይፈስሱ ነበር።

ቁልቁለቱ ምን ያህል ነበር?

ከቦታ ቦታ ይለያያል። የኒም ቦይ በ50 ኪ.ሜ ውስጥ የሚወርደው 12 ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ነው። በአንድ ኪሎ ሜትር 25 ሴንቲሜትር፣ ማለትም አንድ ስንዝር ገደማ ነው። ይህ አማካዩ ነው፤ በአንዳንድ ክፍሎቹ በኪሎ ሜትር ከ10 ሴንቲሜትር በታች ይወርዳል። ያውም ሌዘር በሌለበት፣ ካርታ በሌለበት፣ ቁጥቋጦና ዓለት በሞላበት አገር ነው። እኔ በበኩሌ ስለ ሮማውያን ምሕንድስና ከተጻፈው ሁሉ ከዚህ ቁጥር የበለጠ የሚያስደንቀኝ የለም።

ሌሎቹ ቦዮች በአብዛኛው ከዚህ ይበልጥ ያዘቀዝቃሉ። ቁልቁለቱ ሲበዛ ውሃው እየፈጠነ የቦዩን ልስን ይበላዋል። ሲያንስ ደግሞ ደለሉ ከሥር ይቀመጥና ቦዩ እየጠበበ ይሄዳል። መሬቱ ቀጥ ያለ ቁልቁለት ሆኖ ምርጫ ሲያሳጣቸው ውሃውን ወደ ጥልቅ ጉድጓድ ጥለው ጉልበቱን እዚያ እንዲጨርስ ያደርጉና ከጉድጓዱ ሥር በተረጋጋ ፍጥነት ጉዞውን ያስቀጥሉታል። እንዲህ ያሉ የመውደቂያ ጉድጓዶች ስፔን ውስጥ በኮርዶባ፣ ፈረንሳይ ውስጥም በሊዮን ዙሪያ ተገኝተዋል።

በምን መሣሪያ ለኩት?

ዋናው መሣሪያቸው ኮሮባቴስ ይባላል። አሠራሩን የጻፈልን ከክርስቶስ ልደት በፊት በመጨረሻው ክፍለ ዘመን የኖረው መሐንዲስ ቪትሩቪዩስ ነው። 20 ጫማ፣ ማለትም 6 ሜትር ገደማ የሚረዝም የእንጨት ጣውላ ነው፤ ጫፍና ጫፉ ላይ እግር አለው፣ ከላይ ደግሞ ቱምቢዎች ተንጠልጥለውበታል። የቱምቢው ክር እግሮቹን በሚያያይዘው እንጨት ላይ ከተሰመረው ምልክት ጋር ሲገጥም ጣውላው ልክ ሆኗል ማለት ነው። ነፋስ ቱምቢውን ሲያወዛውዝ ደግሞ ጣውላው አናት ላይ በተቦረቦረው ቀጭን ጎድጓዳ ውስጥ ውሃ ይጨመራል፤ ውሃው ከሁለቱም ጠርዝ እኩል ከሆነ ሥራው ይቀጥላል። ዛሬ አናጺውና ግንበኛው በእጁ የሚይዘው ውሃ ልክ የሚሠራውን ሥራ ነው የሚሠራው።

ቀያሹ በዚህ ጣውላ ላይ አነጣጥሮ ፊት ለፊት የተተከለውን የመለኪያ ዘንግ ያነባል፣ ልዩነቱን ይመዘግባል፣ ወደፊት ይሄዳል፣ እንደገና ያነባል። በ50 ኪ.ሜ ላይ ይህ ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም አስቡት። እያንዳንዱ ንባብ ላይ የምትሠራ ጥቃቅን ስሕተት ተደማምራ መጨረሻ ላይ የሜትሮች ስሕተት ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ የተዋጣለት ቀያሽ ከወርቅ ይልቅ ይፈለግ ነበር፤ የሚቀጥለው መልስ ይህንን በደንብ ያሳያል።

ተራራ ሲገጥማቸው ምን ያደርጉ ነበር?

ሲቻል ይዞሩታል፣ ካልተቻለ ይበሱታል። ተራራው ዝቅ ያለ ከሆነ ከላይ ቀጥ ያሉ ጉድጓዶች በየርቀቱ ይቆፍሩና ከእያንዳንዱ ጉድጓድ ሥር ወደ ግራና ቀኝ እየቆፈሩ ያገናኟቸዋል። ጉድጓዶቹ በኋላ ለአየርና ለጽዳት ያገለግላሉ። ተራራው ከፍ ያለ ሲሆን ግን ከሁለቱም ወገን መቆፈርና መሐል ላይ መገናኘት የግድ ነው።

ይህ እንዴት ሊበላሽ እንደሚችል በድንጋይ ላይ ተቀርጾ ቀርቶልናል። ዛሬ አልጄሪያ ውስጥ ቤጃያ በምትባለው፣ በዚያን ጊዜ ሳልዳይ በተባለችው ከተማ በ2ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ ለውሃ ቦይ የሚሆን ከ400 ሜትር በላይ የሚረዝም መሿለኪያ ተጀመረ። መስመሩን የቀየሰው ኖኒየስ ዳቱስ የተባለ የጦር ሠራዊት ቀያሽ ነበር። ቀይሶ፣ ንድፉን አስረክቦ ወደ ቦታው ተመለሰ። ከዓመታት በኋላ የአውራጃው ሹም ያንኑ ሰው ላኩልን ብሎ ጻፈ። ዳቱስ መንገድ ላይ ሽፍቶች ያዙት፤ ተገፍፎና ቆስሎ አመለጠ። ሳልዳይ ሲደርስ ሹሙ ወደ ተራራው ወሰደው። ሰዎቹ በመሿለኪያው ምክንያት እያለቀሱ፣ ሥራውን ሊተዉት ተቃርበው ነበር፤ ከሁለቱ ወገን የተቆፈረው ርዝመት ሲደመር ከተራራው ስፋት በልጧል፣ ሆኖም ቆፋሪዎቹ አልተገናኙም።

ዳቱስ ምክንያቱን አገኘው። ሁለቱም ቡድኖች በየበኩላቸው ከተቀየሰው መስመር ወደ ቀኝ ሸሽተዋል። እርስ በርስ ፊት ለፊት ስለሚቆፍሩ የአንዱ ቀኝ የሌላው ግራ ነው፤ ስለዚህ ተላልፈዋል። መስመሩን አቃንቶ ሥራውን በባሕር ኃይል ወታደሮችና ከአልፕስ ተራራዎች በመጡ ወታደሮች መካከል እንደ ውድድር አካፈለው። ተገናኙ፤ ውሃውም ፈሰሰ። ይህ ሁሉ ትረካ ራሱ ዳቱስ ባስቀረጸው ድንጋይ ላይ ከሦስት ቃላት ጋር ቆሟል፦ ትዕግሥት፣ ብርታት፣ ተስፋ።

ጥልቅ ሸለቆስ?

ሁለት መንገድ ነበራቸው። አንደኛው ድልድይ ነው። የኒም ቦይ የጋርዶን ወንዝን የሚሻገርበት ፖን ዱ ጋር በሦስት ደረጃ የተደራረቡ ቅስቶች ያሉት ሆኖ ቁመቱ 49 ሜትር ይደርሳል፤ ከቆሙት የሮማውያን የቦይ ድልድዮች ሁሉ ረጅሙ ነው። ውሃው የሚያልፈው ከሁሉ በላይ ባለችው ጠባብ ቦይ ነው፤ ሌላው ግዙፍ ግንብ ሁሉ የቆመው ያችን ቦይ ለመሸከም ነው። ሴጎቪያ ስፔን ውስጥ ያለው ደግሞ 28 ሜትር ያህል ከፍታ ሲኖረው ግራናይት ድንጋዮቹ ያለ ማያያዣ ጭቃ በክብደታቸው ብቻ ተነባብረዋል።

ሸለቆው ከ50 ሜትር ብዙ ከጠለቀ ግን ድልድይ አይሆንም። ያኔ ሁለተኛውን መንገድ ይይዛሉ፦ የተገለበጠ ሲፎን። ቦዩ ሸለቆው አፋፍ ላይ ወደ አንድ ገንዳ ይገባል፤ ከገንዳው ጎን ለጎን የተዘረጉ በርካታ የእርሳስ ቧንቧዎች ቁልቁል ወርደው፣ ከሥር በዝቅተኛ ድልድይ ተሻግረው፣ በማዶ ሽቅብ ወጥተው ከመጀመሪያው ትንሽ ዝቅ ብሎ በተቀመጠ ሌላ ገንዳ ይጨርሳሉ። ውሃ በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ ከሆነ ከወረደበት ከፍታ ጋር ለመስተካከል ስለሚገፋ ማዶውን በራሱ ይወጣል። ከማዶው ገንዳ በኋላ ጉዞው እንደገና በተለመደው ቦይ ይቀጥላል።

የሲፎን አስቸጋሪነት ግፊቱ ነው። ለሊዮን ውሃ ያመጣ የነበረው የዢዬ ቦይ በቦናን ሸለቆ ላይ 120 ሜትር ያህል የሚጠልቅ ሲፎን ነበረው። በዚያ ጥልቀት ቧንቧው ከተለመደው የአየር ግፊት 12 እጥፍ ያህል የሆነ ግፊት መቻል አለበት። ውሃውን በአንድ ወፍራም ቧንቧ ማሳለፍ ትተው በብዙ ቀጫጭን ቧንቧዎች የከፋፈሉት ለዚህ ነው፤ ቧንቧው በቀጠነ ቁጥር ያንኑ ግፊት በቀላሉ ይችላልና። ለአንድ እንዲህ ላለ ሲፎን የሚገባው እርሳስ እጅግ ብዙ ቶን ስለሆነ፣ ድልድይ በሚያዋጣበት ቦታ ሁሉ ድልድይን ይመርጡ ነበር።

ቦዩ ውሃ እንዳያሰርግ በምን ለሰኑት?

በኖራና በተፈጨ ሸክላ። ገል፣ የተሰበረ ጡብና የጣራ ክዳን ይወቀጥና ከኖራ ጋር ይቦካል፤ በዚህ ወለሉና የጎን ግድግዳው በደንብ ይለሰናል። ወለሉና ግድግዳው የሚገናኙበት ማዕዘን በተለይ ስለሚሰነጠቅ እዚያ ላይ ልስኑን እያድበለበሉ ያወፍሩት ነበር። በናፖሊ አጠገብ ካለችው ፖዙዎሊ የሚመጣው የእሳተ ገሞራ አመድ ደግሞ ከኖራ ጋር ሲደባለቅ ውሃ ውስጥም ቢሆን ይጠነክራል። የቦዩ ውስጥ ስፋት ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሜትር በታች ነው፤ ቁመቱ ግን ሠራተኛ ገብቶ እንዲሠራ ተደርጎ ይተዋል።

ውሃው ንጹሕ ነበር?

እንደ ምንጩ ነው። የማርሲያ ውሃ በቅዝቃዜውና በጥራቱ የተመሰገነ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2 ዓመት በአውግስጦስ ዘመን የተሠራው አልሲየቲና የተባለው ቦይ ግን ከሐይቅ የመጣ የማይጠጣ ውሃ ነበር፤ የመርከብ ውጊያ ትርኢት ለሚታይበት ሰው ሠራሽ ሐይቅ ነው የተሠራው። ከአኒዮ ወንዝ የሚቀዳው ውሃ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ይደፈርስ ነበር። ለዚህ በቦዩ መንገድ ላይ ሰፋ ያሉ የማጥለያ ገንዳዎች ነበሩ፦ ውሃው ገንዳው ውስጥ ሲገባ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ አሸዋና ጭቃው ይዘቅጣል። ይህም ስላልበቃ ንጉሠ ነገሥቱ ትራያን ከዚህ ወንዝ የሚቀዳውን የአኒዮ ኖቩስ ቦይ መነሻ በሱቢያኮ ካሉት ሐይቆች እንዲቀዳ አደረገ፤ ውሃው ሐይቁ ውስጥ ጠልሎ እንዲወጣ ነው።

ከተማ ከደረሰ በኋላ እንዴት ይከፋፈል ነበር?

ከፍ ያለ ቦታ ላይ ወዳለ ማከፋፈያ ገንዳ ይገባል። የኒም ማከፋፈያ ዛሬም ይታያል፤ ክብ ገንዳ ነው፣ ግድግዳው ላይ ወደ ሰፈሮቹ የሚሄዱ የአሥር እርሳስ ቧንቧዎች ቀዳዳዎች አሉት። ከዚያ ውሃው ወደ ሕዝብ መታጠቢያዎች፣ ወደ መንገድ ዳር ቦኖዎችና ወደ ጥቂት የግል ቤቶች ይሄዳል። ድኻው ሕዝብ የሚቀዳው ከቦኖው ነው። ፖምፔይ ውስጥ እንዲህ ያሉ 40 ያህል የድንጋይ ቦኖዎች ተገኝተዋል፤ የባልዲና የክንድ መደገፊያው ጠርዛቸው በአገልግሎት ብዛት ተሸርሽሯል።

ውሃው አይዘጋም፣ ሌሊትም ይፈስሳል። ትርፉ እየሞላ ሲወርድ መንገዱን ያጥባል፣ የፍሳሽ መስመሩን ጠርጎ ወደ ወንዝ ይወስደዋል። ባከነ የሚባል ውሃ እንግዲህ ብዙም አልነበረም።

የግል መስመር ማስገባት ይቻል ነበር?

በንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ ብቻ። ፈቃዱ ለሰውየው እንጂ ለቤቱ አይሰጥም፤ ሰውየው ሲሞት ወይም ቤቱን ሲሸጥ ወራሹ ወይም ገዢው እንደገና መጠየቅ አለበት። ቆጣሪ ስላልነበረ መጠኑ የሚወሰነው በቀዳዳው ስፋት ነበር። ከማከፋፈያው ግድግዳ ላይ ካሊክስ የሚባል፣ ልኩ የተረጋገጠና ማኅተም ያለበት የነሐስ አንገት ይገጠማል። እርሳስ ስለሚለመጥ በቀላሉ ሊሰፋ ይችላል፤ ነሐስ ግን አይታጠፍም፣ የተመረጠውም ለዚህ ነው።

ይሁን እንጂ ስርቆቱ ብዙ ነበር። በ97 ዓመት ንጉሠ ነገሥቱ ነርቫ የውሃ አስተዳዳሪ አድርጎ የሾመው ፍሮንቲኑስ የቦዮቹን ታሪክ፣ ርዝመትና የውሃ መጠን ዘርዝሮ ጽፏል። ስለ ሮም ውሃ ዛሬ የምናውቀው አብዛኛው ነገር ከእሱ የተገኘ ነው። መዝገቡን ራሱ ከለካው ጋር ሲያስተያይ ሠራተኞቹ ራሳቸው ዋናውን ቧንቧ እየበሱ በየመንገዱ ላሉ ሱቆችና ቤቶች ውሃ ሲሸጡ ደረሰባቸው። ገበሬዎችም ቦዩ በመሬታቸው ሲያልፍ እየሰበሩ እርሻቸውን ያጠጡ ነበር። ፍሮንቲኑስ ሥልጣኑን ለማሳየት ብቻ የተሾመ ሰው አልነበረም፤ ቦዮቹን በእግሩ እየዞረ አይቷል፣ ቧንቧዎቹን አስቆፍሮ አስወጥቷል።

የእርሳስ ቧንቧው ሕዝቡን መርዞታል ይባላል፤ እውነት ነው?

ሮምን የጣላት እርሳስ ነው የሚለው ወሬ ማስረጃ አይደግፈውም። ቪትሩቪዩስ ራሱ የእርሳስ ሠራተኞችን የገረጣ ፊት አይቶ የሸክላ ቧንቧ ይሻላል ብሎ ጽፏል፤ ስለዚህ አደጋውን ጨርሶ የማያውቁት አልነበረም። በ2014 ታትሞ በወጣ የደለል ጥናት መሠረት በሮም ቧንቧ ያለፈ ውሃ ከአካባቢው የምንጭ ውሃ እስከ መቶ እጥፍ የሚደርስ እርሳስ ነበረው፤ ሆኖም ተመራማሪዎቹ ይህ መጠን ከባድ ጉዳት ያደርሳል ብለው አልደመደሙም። ውሃው ሁልጊዜ ስለሚፈስ ቧንቧው ውስጥ አያድርም፤ ኖራ የበዛበት ውሃ ደግሞ የቧንቧውን ውስጥ በቅርፊት ይሸፍነዋል። በእርሳስ ድስት አፍልተው የሚያወፍሩት የወይን ጭማቂ ከውሃው ይልቅ ያሠጋ ነበር።

ቦዮቹን ማን ይጠግናቸው ነበር?

ከሁሉም ጥያቄዎች በላይ ቦታ የሚገባው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሲጠየቅ ግን ብዙም አይሰማም።

የአውግስጦስ ባለሟል ማርኮስ አግሪጳ ቦዮቹን የሚጠብቁ 240 ባሮች ነበሩት። ሲሞት ለአውግስጦስ ተዋቸው፣ እሱም የመንግሥት አደረጋቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ቀላውዴዎስ 460 ጨመረ፤ በአንድነት 700 ሰዎች ሆኑ። ከእነሱ መካከል ግንበኞች፣ ለሳኞች፣ ድንጋይ አንጣፊዎች፣ የገንዳ ጠባቂዎች ነበሩ። ከከተማው ውጭ ያሉት ድንገት ለሚፈጠር ብልሽት በየሰፈሩ ተመድበው ነበር።

ጠላታቸው ኖራ ነው። ከኖራ ድንጋይ ተራራ የሚመነጭ ውሃ በቦዩ ግድግዳ ላይ ዓመት በዓመት ቅርፊት ይጥላል። የኒም ቦይ ውስጥ ቅርፊቱ በአንዳንድ ቦታ ግማሽ ሜትር ያህል ወፍሮ ቦዩን ሊዘጋው ደርሶ ነበር። በጀርመን ለኮሎኝ ከተማ ውሃ ያመጣ በነበረው የአይፍል ቦይ የተከማቸው ቅርፊት ደግሞ ከመጠንከሩ የተነሣ በመካከለኛው ዘመን እንደ እብነ በረድ ተፈልጦ ለአብያተ ክርስቲያናት ዓምድ ሆኗል።

ዛፍም ይጎዳል፤ ሥሩ ግንቡን ይሰነጥቃል። ስለዚህ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ11 ዓመት የሮም ሸንጎ በምንጮች፣ በቅስቶችና በግንቦች ግራና ቀኝ 15 ጫማ፣ በተቀበረ ቦይ ግራና ቀኝ ደግሞ 5 ጫማ ባዶ እንዲተው ደነገገ። ዛፍ መትከልም፣ ቤት መሥራትም፣ መቃብር መቆፈርም ተከለከለ። ወሰኑን የሚያመለክቱ ድንጋዮች ዛሬም እየተገኙ ነው። የሕዝብ ውሃ ሆን ብሎ የበከለ ሰው 10,000 ሴስቴርስ (የሮማውያን ገንዘብ ነው) ይቀጣ ነበር።

ጥገናው ሲጓደል ምን እንደሚሆን ደግሞ ፖርታ ማጆሬ በተባለው የሮም በር ላይ ተጽፎ ይነበባል። አኳ ክላውዲያን ካሊጉላ በ38 ዓመት አስጀመረው፣ ቀላውዴዎስ በ52 አስመረቀው። በ71 ንጉሠ ነገሥቱ ቬስፓስያን ያስቀረጸው ጽሑፍ ቦዩ ፈርሶ ለዘጠኝ ዓመት ሳይሠራ መቆየቱን ይናገራል። አሥር ዓመት ብቻ አገልግሎ ዘጠኝ ዓመት ቆመ ማለት ነው። ከዚያም አሥር ዓመት ያህል ቆይቶ በ81 ልጁ ቲቶ እንደገና ከመሠረቱ አስጠገነው። ፕሊኒ የተባለው ጸሐፊ ካሊጉላ አስጀምሮት ቀላውዴዎስ ለጨረሰው ለክላውዲያና ለአኒዮ ኖቩስ ግንባታ 350 ሚሊዮን ሴስቴርስ ወጥቷል ይላል። ያን ሁሉ ገንዘብ ያፈሰሰ መንግሥት እንኳ ሥራው ተመርቆ አበቃ ማለት አልቻለም።

ሮም በአጠቃላይ ስንት ቦይ ነበራት?

11። የመጀመሪያው አኳ አፒያ ነው፤ የመጨረሻው አኳ አሌክሳንድሪና በ226 ዓመት ተሠራ። በየግዛቱ ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠሩ ነበሩ፦ ቱኒዚያ ውስጥ ከዛጉዋን ተራራ ወደ ካርቴጅ የሚሄደው ከ130 ኪ.ሜ ያላነሰ ነው፣ ቁስጥንጥንያን ያጠጣ የነበረው አውታር በ4ኛው ክፍለ ዘመን ሲዘረጋ ደግሞ ከሁሉም ይረዝማል።

በመጽሐፍ ቅዱስ አገሮችስ ይገኛሉ?

ይገኛሉ። ፊልጶስ ኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ ካጠመቀ በኋላ እየሰበከ የደረሰባት ቂሳርያ፣ ሄሮድስ የሠራት የወደብ ከተማ፣ ንጹሕ ውሃ አጠገቧ አልነበረም። ከቀርሜሎስ ተራራ ግርጌ በቦይ ይመጣላት ነበር። በ2ኛው ክፍለ ዘመን የንጉሠ ነገሥቱ ሃድሪያን ወታደሮች ከጎኑ ሁለተኛ ቦይ ጨምረው የጭፍራቸውን ስም በድንጋዩ ላይ ቀርጸዋል። ቅስቶቹ ዛሬ በባሕሩ ዳርቻ አሸዋ ላይ ቆመዋል፤ እስራኤል የሚኖሩ ብዙ ቤተ እስራኤላውያን ያውቋቸዋል።

ኢየሩሳሌምም ከቤተ ልሔም ደቡብ ካሉት የሰሎሞን ገንዳዎች ተነሥቶ እስከ ቤተ መቅደሱ የሚሄድ 21 ኪ.ሜ ያህል የሚረዝም ቦይ ነበራት። ጴንጤናዊው ጲላጦስ ለኢየሩሳሌም ውሃ ለማምጣት የቤተ መቅደሱን የመባ ገንዘብ እንደወሰደ የአይሁድ ታሪክ ጸሐፊው ዮሴፍ ጽፏል። ሕዝቡ ተቆጥቶ ሲጮኽ ጲላጦስ የተራ ሰው ልብስ ያለበሳቸውን ወታደሮች በሕዝቡ መካከል አስርጎ በዱላ አስደብድቧቸዋል፤ ብዙ ሰው ሞቷል። ውሃ ማምጣት በጎ ሥራ ቢሆንም በማን ገንዘብና በምን አኳኋን እንደመጣ የሚጠይቁ ሰዎች ያን ጊዜም ነበሩ።

ይህን ጥበብ የፈጠሩት ሮማውያን ናቸው?

አይደሉም። የአሦር ንጉሥ ሰናክሬም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወደ ነነዌ ውሃ በድንጋይ ድልድይ አሻግሯል። ንጉሥ ሕዝቅያስ በኢየሩሳሌም ሥር እስከ ሰሊሆም የሚደርስ መሿለኪያ አስቆፍሯል። በግሪክ ሳሞስ ደሴት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው ክፍለ ዘመን ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ መሿለኪያ ከሁለት ወገን ተቆፍሮ ተገናኝቷል። የሮማውያን ድርሻ ይህን ጥበብ በኖራቸውና በቅስታቸው አስፍተው ለተራ የአውራጃ ከተማ ሁሉ እንዲዳረስ ማድረጋቸው ነው።

አገልግሎታቸው መቼ ተቋረጠ?

ሮም ላይ ትልቁ ምት በ537 ዓመት ደረሰ። ጎቶች የተባሉት የጀርመን ነገዶች በንጉሣቸው ቪቲጌስ መሪነት ከተማይቱን ከብበው ቦዮቹን ቆረጧቸው። መከላከሉን የሚመራው የምሥራቁ ሮም ጄኔራል ቤሊሳሪዩስ ደግሞ የቦዮቹን አፍ ከከተማው በኩል በግንብ አስዘጋ። ምክንያት ነበረው፤ ከአንድ ዓመት በፊት ራሱ ናፖሊን የያዘው ወታደሮቹን በደረቀ የውሃ ቦይ ውስጥ በሌሊት አስገብቶ ነው። ጎቶችም ያንኑ ዘዴ ሞክረዋል። መብራት ይዘው ቦዩ ውስጥ ሲሄዱ ብርሃኑ በስንጥቅ ሾልኮ አንድ ዘበኛ አየው፤ ጓደኞቹ የተኩላ ዓይን ነው ያየኸው ብለው አጣጣሉት። ቤሊሳሪዩስ ግን ሲነገረው አስመረመረ፣ የቀለጠ ሰምና የችቦ ርዝራዥ ተገኘ።

በቦዩ ውሃ የሚዞሩት የከተማው ወፍጮዎችም ቆመው ነበር። ቤሊሳሪዩስ ጀልባዎችን በቲቤር ወንዝ ላይ አሳስሮ በመካከላቸው መንኮራኩር እያስገባ እህሉን አስፈጨ። አንዳንዶቹ ቦዮች በኋላ ቢጠገኑም ከተማይቱ እንደ ቀድሞው አልሆነችም፤ ሕዝቡ ከኮረብቶቹ እየወረደ ወደ ወንዙ ተጠጋ።

እስካሁን የሚሠራ አለ?

አለ። አግሪጳ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ19 ዓመት የሠራው አኳ ቪርጎ፣ ብዙ ጊዜ እየታደሰ፣ ዛሬም በ1762 ለተጠናቀቀው ለትሬቪ ፏፏቴ ውሃ ይሰጣል። ለመትረፉ ዋናው ምክንያት አብዛኛው ክፍሉ ከመሬት በታች መሆኑ ነው።

ሄጄ ለማየት ከየት ልጀምር?

ሮም ላይ ከሆኑ ከፖርታ ማጆሬ ይጀምሩ። ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ከሚገናኙበት ከቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢ በእግር ይደረሳል። በሩ አናት ላይ ወደ ተቆረጠው የግንብ ጫፍ ቀና ብለው ቢያዩ የሁለት ቦዮች ቀዳዳ ተደራርቦ ይታያል፤ የታችኛው ክላውዲያ ነው፣ የላይኛው አኒዮ ኖቩስ። ከዚያ በሜትሮ መስመር A ተሳፍረው ጁሊዮ አግሪኮላ ጣቢያ ሲወርዱ የውሃ ቦዮች መናፈሻ ቅርብ ነው፤ መግቢያው ነጻ ነው።